በተራ የምናኖራት ፍላሽ

ፍላሿ ድምፅ የነሳችን በጥቅምት መግቢያ፣ ተራችን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ጠዋት ነበር። ባለቤቴ ከአንገቷ ፈትታ ስፒከሩ ላይ ሰካቻትና እንደ ወትሮዋ ጆሮዋን አስጠግታ ጠበቀች። ስፒከሩ ትንፍሽ አላለም። ነቀለቻት፤ እፍ አለችባት፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መልሳ ሰካቻት። አሁንም ዝም።

«እማማ ዛሬ አኩርፋለች» አልኳት።

«አትቀልድ» አለችኝ። ፊቷን አየሁና ቀልዱን ተውኩት።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። እኛ የምንኖረው ቢቸና ነው፤ የባለቤቴ ታላቅ እህት ደግሞ ሞጣ። እናታቸው፣ የኔ አማት፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ብቻቸውን መኖር አቃታቸው። ያን ጊዜ ሁለቱ እህትማማቾች «እኔ ጋ ትሁን፣ የለም እኔ ጋ ትሁን» ተባብለው ክፉኛ ተቀያየሙ። ሰው እናቱን የሚጦር ጠፍቶ ሲካሰስ አይቻለሁ፤ እነዚህ ግን የተጣሉት ልጡር ልጡር ብለው ነው። ሽማግሌ ገባ። የሽማግሌዎቹ ፍርድ ቀላል ነበር። ማኅበር ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞር የለ? እናትም በተራ ትዙር፤ ክረምቱን ቢቸና፣ በጋውን ሞጣ። አማቴ ይኼን ሲሰሙ «ጽዋ አደረጋችሁኝ በሉኛ» አሉ እንጂ አልተቆጡም። ከዚያ በኋላ ሰኔ ሲገባ ታላቅየዋ ይዛቸው ትመጣለች፤ ጥቅምት ላይ ጭቃው ሲደርቅ እኛ ሞጣ እናደርሳቸዋለን። እንዲህ ስንል ዓመታት ኖርን።

እሳቸው ያረፉት በኛ ተራ ነው። ጓዛቸው ተቋጥሮ፣ በማግሥቱ ወደ ሞጣ ልንነሳ ስንል አመማቸው፤ ሳይነሱ ቀሩ። ታላቅየዋ ይኼን አንድም ቀን በግልጽ አንስታ አልወቀሰችንም። ግን ሆዷ ውስጥ እንዳለ እናውቅ ነበር።

ፍላሿን የተወችልን ጤና ጣቢያ ተመድባ ከወሎ የመጣች ነርስ ናት። ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ ትኖር ነበር። እስላም ናት፤ ከአማቴ ጋር ግን እንደ ልጅና እናት ነበሩ። ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታስወራቸዋለች፤ የሚሉትን ሁሉ በስልኳ ትቀዳለች። ምርቃት አለ፣ የልጅነት ወሬ አለ፣ ስድብ አለ፣ የድልህ አሠራር ሳይቀር አለ። በዝውውር ስትሄድ ያን ሁሉ በአንዲት አውራ ጣት በምታክል ፍላሽ ገልብጣ ለባለቤቴ ሰጠቻት። ስልኳን በኋላ ሰው ሰረቃት፤ ስለዚህ ዋናው ጠፍቶ የቀረችው ይቺው ሆነች።

የመጀመሪያው ሙት ዓመት ሞጣ ሲወጣ ፍላሿን ይዘን ሄድን። ጸበል ሊቀምስ የመጣው ሰው ሁሉ ሰማ፤ አለቀሰ፤ ሳቀም። እኔ የዋሁ «ለሁለት እናስገልብጣትና ሁለታችሁም ይኑራችሁ» አልኩ። ታላቅየዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«እናታችን አንድ ነበረች፤ ጋሼ፣ አሁን ለምን ሁለት ትሆናለች?» አለች።

ፍላሿም ወደ ተራው ገባች። ክረምቱን ቢቸና፣ በጋውን ሞጣ። እያደር በሁለቱም ቤት ስሟ «እማማ» ሆኖ ቀረ። ታላቅየዋ ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣታለች። ባለቤቴ ግን አንድ ጊዜ ከጤፍ ጋር ተሰፍራ ልትሄድ ለጥቂት ስለተረፈች ከዚያ ወዲህ ማተቧ ላይ፣ ከመስቀሏ አጠገብ አሥራ ነው የምትይዛት።

እንግዲህ ያን ጠዋት ዝም ያለችው እሷ ናት። ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ይዘናት መሄድ አለብን። ባለቤቴ ስፒከሩ ፊት ተንበርክካ ቀረች።

«ምን ብዬ ነው የእህቴን ፊት የማየው?» አለች።

«ተነሺ» አልኳት። «እስቲ መጀመሪያ ነገሩን እንየው።»

ዕድሜዬን የፈጀሁት ወፍጮ ቤት ነው። ትምህርቴ ከማንበብና ከመጻፍ አያልፍም፤ የቆመ ነገር ሲገጥመኝ ግን አልደነግጥም። ሞተር ሲቆም ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቶሎ ሊፈታው ስለሚቸኩል ነው። እኔ ከዳር ነው የምጀምረው። ነዳጅ አለ ወይ? ቱቦው አልተዘጋም ወይ? ቺንጋው፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ አልላላም ወይ? የውጪውን ሁሉ አይቼ ስጨርስ ነው መፍቻ የማነሳው። አብዛኛውን ጊዜ መፍቻ ሳላነሳ ይነሳል። ፍላሽም ቢሆን ያው የቆመ ነገር ነው ብዬ በዚያው መንገድ ጀመርኩ።

ነዳጁ የስፒከሩ ባትሪ ነው። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ደክሞ ይሆናል ብዬ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድኩት፤ እሱ በጸሐይ የሚሠራ ቻርጅ አለው፤ ቴሌቪዥኑንም በዚያው ነው የሚያየው። ስፒከሩ ሞልቶ እስኪጠግብ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሰካናት፤ ዝም።

«በል የራስህን የመዝሙር ፍላሽ አምጣ» አልኩት።

ሰካው፤ ስፒከራችን ወዲያው ዘመረ። እሱ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ያየኛል።

«አሁን ምን አወቅህ?» አለኝ።

«ስፒከሩ ጤነኛ መሆኑን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሷን አንተ ቴሌቪዥን ላይ እንሰካታለን።»

«ወፍጮ መሰለችህ አይደል? ትንሽ ናፍጣ ጠብ አድርግባት እንጂ።»

«አንተ መርፌህን ተመልከት» አልኩት።

ቴሌቪዥኑም ላይ ምንም አላለች። ድሮ ስትሰካ ጭራዋ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት ነበረቻት፤ እሷም ጠፍታለች። ስለዚህ ዳር ዳሩ አለቀ፤ በሽታው ከራሷ ነው። ይኼም ቢሆን እውቀት ነው። ያልታወቀ ነገር ነው ሰውን የሚያስፈራው።

በማግሥቱ መብራት ስለመጣ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ ቤቱን የምትሠራው ሴት ልጄን የምታክል፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ፍላሿን ተቀብላ ኮምፒውተሯ ላይ ሰካች።

«አያነባትም፣ አባባ» አለችኝ።

«ሌላ ቀዳዳ የለውም?»

ከኋላ አለው ብላ ዞራ ሰካች። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጢው አለ፤ መብራቷም አንዴ ብልጭ ብላ ጠፋች። ልቤ አብሯት ብልጭ አለ። ሴትዮዋ ኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የወጣውን ጽሑፍ አነበበችልኝ።

«ፎርማት ላድርጋት ወይ ብሎ ይጠይቃል።»

«ፎርማት ምንድን ነው?»

«አጽድቶ እንደ አዲስ ያደርጋታል። ከዚያ ትሠራለች።»

«ውስጧ ያለውስ?»

«እሱማ ይጠፋል።»

«ልጄ» አልኳት፣ «ወፍጮው እንዲዞርልኝ ብዬ የሰው እህል ሜዳ ላይ ደፍቼ አላውቅም። ተይው።»

ሳቀችና አልፈልግም የሚለውን ተጫነች። ደግ ሴት ናት፤ ገንዘብ ፍለጋ ልትነካካው ትችል ነበር። «ማንም ቢሆን ፎርማት እንዳያደርግባት» አለችኝ። «ደግሞም ደጋግመው አይሰኩ፤ እንዲያው ያስቀምጧት። ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል የሚሠራ ሰው አለ፤ የጠፋ ፎቶ እንኳ ይመልሳል ይባላል።»

«እኛም ወደዚያው ነን» አልኳት።

ወደ ቤት ስመለስ እያሰብኩ ነበር። መብራቷ አንዴ ብልጭ ካለች አልሞተችም። የሞተ ነገር ብልጭ አይልም። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ተዘግቷል፤ ኮምፒውተሩ አንዴ የሚያገኛት አንዴ የሚያጣት ለዚያ ነው። ሞተር ላይ እንዲህ ሲገጥመኝ አፍንጫዬን አስቀድማለሁ፤ የተቃጠለ ነገር ከሩቅ ይሸታል። መንገድ ዳር ቆም አልኩና ፍላሿን አሸተትኳት። የተቃጠለ ነገር የለም። ቅቤ ነው የሸተተኝ፤ የአደስ ቅጠል የገባበት የራስ ቅቤ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ራሷን ሲያማት ቅቤ ትቀባለች። ቅቤው ሌሊት በሙቀት ቀልጦ በአንገቷ ይወርዳል፤ ማተቧ ላይ ያለችው ፍላሽ ደግሞ አፏ ክፍት ነው፤ ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል። ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ ነኛ የገደልኳት?»

«ማን ሞተ አለሽ? ቅቤ ሰው አይገድልም። ከማይገባበት ገብቶ መንገድ ዘግቷል፤ ይጠረጋል።»

«እንዲያው ለእህቴ ምንም አትንገራት» አለችኝ። «ቢቸና ረሳናት እንበል። ሙት ዓመቱ ይለፍ።»

«ረሳናት ብንል ደግሞ ሆን ብለን እንዳስቀረናት ነው የምትቆጥረው። ይዘናት እንሄዳለን፤ ገና በሩ ላይ እንነግራታለን፤ እናሠራታለን።»

«ባትሠራስ?»

«ትሠራለች» አልኳት። ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም፤ እንዲያ ነበር የሚሰማኝ።

መንገዱ ደህና መሆኑን ጠይቀን በሚኒባስ ተነሳን። ፍላሿን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዣታለሁ። ባለቤቴ ደብረ ወርቅን ስናልፍ ተሳለመች፤ ጉንደ ወይን ስንደርስ ሰው ሲወርድና ሲጫን ኪሴን ብቻ ታያለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የድንቹን የሽንኩርቱን ዋጋ በመስኮት ሳትጠይቅ አታልፍም።

ሞጣ ስንደርስ ታላቅየዋ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ተሳሳሙ። ሲሳሳሙ የታላቅየዋ ጣቶች የእህቷን ማተብ ዳሰሱ፤ አላገኙም።

«እማማስ?» አለች።

ባለቤቴ ወደኔ ዞረች።

«አሟታል» አልኩ። «ኪሴ ውስጥ ናት። ሳልቀመጥ የሚያያት ሰው ጋ ልወስዳት ነው።»

«ምን ሆነች?»

«መናገር አቆመች።»

ታላቅየዋ የበሩን መቃን ያዘች።

«እማማም የታመመችው በናንተ ቤት ነው» አለች።

«እታለም…» አለች ባለቤቴ።

«ሐሰት ነው? በናንተ ተራ አረፈች። እኔ ውኃ አላቀመስኳት፤ ዓይኗን አላየሁ። ይቺም በናንተ ተራ።»

ይኼ ነው እንግዲህ ስንት ዓመት ሆዷ ውስጥ የኖረው። ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ መመለስ እችል ነበር፤ አማቴ ያረፉት በእግዜር ቀን እንጂ በኛ ቤት ጥፋት አይደለም ማለት እችል ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ይውጣ ነው የሚባለው፤ አፉን ቢዘጉት ተመልሶ ይገባል።

«ነጠላሽን ልበሺና አብረሽን ነይ» አልኳት። «እዚህ ቆመሽ ከምታዝኚ እዚያ ሆነሽ እያየሽ እዘኚ።»

ለበሰችና ከፊታችን ቀደመች።

ሠሪው ጢሙ መሸበት የጀመረ ጎልማሳ ነው፤ ድሮ ቴፕና ሬዲዮ ይጠግን እንደነበር ግድግዳው ላይ የተደረደሩት አሮጌ ሬዲዮኖች ይናገራሉ። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ሦስታችን ስንገባ ሌላ ደንበኛ መግቢያ አጣ። ፍላሿን አገላብጦ አየና ጠየቀ። ወድቃለች? አልወደቀችም። ውኃ ገብቶባታል? አልገባም። ፎርማት የሚል መጥቶ የነካው ሰው አለ?

«መጥቷል እንጂ አልተነካም» አልኩት።

«ተመስገን። ስትነቅሏት ስፒከሩን ታጠፋላችሁ?»

«እየተናገረች ነው የምነቅላት» አለች ባለቤቴ ቀስ ብላ። «ሥራ ሲጠራኝ።»

«እናቴ፣ እሱ ሰው እያወራ አፉን እንደ መያዝ ነው። ሁለተኛ እንዳያደርጉት።»

«ቅቤ ቅቤ ትሸታለች» አልኩት እኔ። «አንገት ላይ ታሥራ ነው የምትውለው።»

አፍንጫው ድረስ አቀረባትና ራሱን ነቀነቀ። በቀጭን ስለት ልባሷን ፈለቀቀው። ውስጧ ጥፍር የምታክል አረንጓዴ ቁራጭ ናት። ወርቃማዎቹ መስመሮች መሆን በሚገባቸው ቦታ ላይ ቢጫ ነገር ረግቶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ወደ ቡናማ ሄዷል።

«እስቲ ላሽተት» አለች ታላቅየዋ።

ሰጣት። አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች።

«አደሱ የኔ ነው» አለች። «ይኼ እኮ ለፋሲካ የላክሁልሽ ቅቤ ነው።»

«አዎ» አለች ባለቤቴ።

«እኔ የላክሁልሽ ለራስ ምታትሽ ነው።»

«እኔስ ለዚያው አይደል የተቀባሁት?»

ሠሪው ራሱን ቀና ሳያደርግ፣ «እንግዲህ ጥፋተኛዋ ላሟ ናት» አለ።

ታላቅየዋ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም፤ ሳቀች። ባለቤቴ በእንባዋ መሃል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ዓይኔን ከሰውየው እጅ ላይ አልነቀልኩም።

በአልኮል በነከረው አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ቁራጯን ጠረጋት። ቅቤው እየለቀቀ ብሩሹ ጠቆረ። ከዚያ የተማሪ ላጲስ አነሳና ወርቃማዎቹን መስመሮች ቀስ ብሎ ፈገፈጋቸው፤ እስኪያበሩ ድረስ። እንድትደርቅ ተዋት። አይቸኩልም፤ ለዚህ ወደድኩት። ሲሰካት ጭራዋ ላይ መብራቷ በራች፤ ይኼን ጊዜ አልጠፋችም። ኮምፒውተሩም ያንኑ የፎርማቱን ጥያቄ አመጣ። እሱ ግን እምቢ አለና ሌላ ነገር ከፈተ።

«መጀመሪያ ውስጥ ያለውን እናወጣለን» አለ። «እሷን ማከሙ ከዚያ በኋላ ነው።»

የተቀዱት ወሬዎች አንድ በአንድ እየወጡ ኮምፒውተሩ ላይ ተደረደሩ። መጨረሻ ላይ አንዷ አልወጣ አለች፤ ረጅሟ ናት አለ። ረጅሟ ምርቃቷ እንደሆነች ሦስታችንም እናውቃለን። ታላቅየዋ የእህቷን ክንድ ያዘች፤ መያዟን ያወቀችም አልመሰለኝም። ሰውየው ፍላሿን አወጣት፤ እንደገና በላጲስ ፈገፈጋት፤ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካት። ጠበቅን። ውጪ የባጃጅ ጥሩምባ ይጮሃል።

«ወጣች» አለ።

ጠቅ አደረጋት። የአማቴ ድምፅ ያችን ጠባብ ሱቅ ሞላት።

«ይኼ ነገር አሁን ይሰማኛል? ምን ጆሮ አለውና ነው የሚሰማኝ? እሺ… ሁለቱ ልጆቼ፣ ክፉዎቹ፣ እግዜር ያስማማችሁ። ያን ዱቄታም አማቼንም ይጠብቅልኝ፤ ሲገባ ሲወጣ ዱቄቱን ቤቴ ላይ እያራገፈ አስቸገረኝ እንጂ ሰውስ ሰው ነው…»

«ዱቄታሙ እርስዎ ነዎት?» አለኝ ሠሪው።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ፍላሿን አክሞ፣ አዲስ ልባስ አልብሶ፣ ክዳን ያላት አድርጎ ሰጠን። ከዚያ በደግነት፣ «ለሁለቱም ስልካቸው ላይ ልጫንላቸው? አሁኑኑ ያልቃል» አለ።

«ጫንልን እንጂ» አለች ባለቤቴ፤ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር እያወጣች ነበር።

«ቆይ» አለች ታላቅየዋ። «ስልክሽ ላይ ካለች አንቺ ምን ልትሠሪ ሞጣ ትመጫለሽ?»

«አንቺን ልጠይቅ ነዋ።»

«እኔን ብለሽ መጥተሽ ታውቂያለሽ? እማማን ለማድረስ ነው የምትመጪው። እኔም አንቺን ብዬ ቢቸና ረግጬ አላውቅም፤ እማማን ላደርስ ነው የምመጣው። እንተዋወቃለን እኮ።»

ባለቤቴ ስልኩን ወደ ነጠላዋ መለሰችው።

«እውነቷን ነው» አለች፤ ለኔ ነው ያለችው።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ታላቅየዋ አናስገልብጥ ያለችው በግትርነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ቢሆንም አንዲት ነገር ብቻዋን ያለ መለዋወጫ ስትኖር ማየት አልችልም፤ ዕድሜ ልክ ሞተር ያስተማረኝ ይኼን ነው።

«ስሙኝ» አልኳቸው። «ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቺንጋ ይሰቀላል። የሚሠራው እስኪበጠስ ድረስ ማንም አይነካውም። አንዲት ሌላ ፍላሽ ላይ ይገልብጥልንና እንደዚያ ትሰቀል። ተራው እንዳለ ይቀጥል።»

«ማን ጋ ትቀመጣለች?» አለች ታላቅየዋ።

«እዚህ ማስቀመጥም ይቻላል» አለ ሠሪው።

«እዚህ ከተቀመጠችማ በየቀኑ እየመጣሁ ሥራ አስፈታሃለሁ።»

«እኔ ጋ ትሁን» አልኩ።

«አንተ ጋ ማለት እሷ ጋ ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«አይደለም። የመሣሪያ ሳጥኔ ቁልፍ አለው፤ ባለቤቴም ብትሆን ነክታው አታውቅም።»

ታላቅየዋ ትንሽ አሰበች። «እማማ አንተን ዱቄታም እያለች ብትሰድብህም ከሰው ዱቄት ቁንጥር አንስቶ አያውቅም ትል ነበር» አለች። «ይሁን። አንተ ጋ ትሁን።»

ሙት ዓመቱ በማግሥቱ ወጣ። ጸበል የቀመሰው ሰው ከተስተናገደ በኋላ ታላቅየዋ ስፒከሩን አመጣች። መጀመሪያ ግን ባለቤቴን አስጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ ከዚያ በፊት እንዲያ አድርጋ አታውቅም። እናታቸው ሲመርቁ ሁለቱ በአንድ ላይ አሜን ይላሉ፤ ሲሰድቧቸው በአንድ ላይ ይስቃሉ። በመጨረሻ ታላቅየዋ እጇን ዘርግታ ስፒከሩን አጠፋችና ለእህቷ አየሽ አይደል የሚል ዓይን ሰጠቻት፤ ከዚያ ነው ፍላሿን የነቀለቻት።

ስንመለስ እስከ መናኸሪያ ሸኘችን። ሚኒባሱ ውስጥ ከገባን በኋላ በመስኮት በኩል ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አደራህን። ያችን ሁለተኛዋን እንዳታሰማት። ካሰማሃት እኔ ጋ መምጣቷን ትተዋለች።»

«ሰምቼሻለሁ» አለች ባለቤቴ ከአጠገቤ። «ሰኔ እስኪገባ ድረስ ታዲያ እኔ ምን ልሁን? ድምፅዋ ቢያምረኝስ?»

«ኔትወርክ ሲኖር ደውዪልኝ።»

«ደውዬ ምን እላለሁ?»

«እማማ ምን አለች በዪኝ። እኔ ሰምቼ እነግርሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው የምንኖረው። ኔትወርክ የተገኘ ዕለት ባለቤቴ ግቢው መሃል፣ ድምፅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ቆማ ትደውላለች። «እማማ ዛሬ ምን አለች?» ትላለች። ታላቅየዋ ትነግራታለች። ባለቤቴ ሰምታ ሰምታ «የለም፣ እንዲያ አይደለም ያለችው፤ ስለ ድልሁ ስታወራ ነው እንጂ» ትላለች። ወዲያ ማዶ ደግሞ «እኔ አሁን በጆሮዬ የሰማሁትን ልትነግሪኝ ነው ወይ?» መባሉ አይቀርም። በዚያው ይጀምራሉ፤ ከድልሁ ወደ ዘመድ ወሬ፣ ከዘመድ ወደ ጉልበት ሕመም ይሄዳሉ፤ የስልኩ ሂሳብ እስኪያልቅ ይነታረካሉ። ሁለተኛዋ ፍላሽ ሳጥኔ ውስጥ ናት። እስካሁን አምጣት ያለኝ ሰው የለም።